የጀርባ ብግነትን በኤምአርአይ ማየት፦ በየትኛው በር ልግባ?

ጥያቄ፦ «የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ለዓመታት ጀርባውን እያመመው ራጅ በተነሳ ቁጥር “ምንም የለብህም” ይባል ነበር፤ በመጨረሻ በኤምአርአይ የአከርካሪ አንጓ ብግነት እንዳለበት ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሕይወቴን በዚህ ሥራ ላይ ማዋል እፈልጋለሁ። አንድ መምህሬ ግን “ቴክኖሎጂስት ሆነሽ ከቀረሽ ቁልፍ ከመጫን አታልፊም፤ ወይ ሕክምና ተማሪ፣ ወይ ወደ ፊዚክስ ዙሪ” አሉኝ። የቱ ይሻለኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቁርጥ ያለውን መልስ ልስጥሽ፤ ምክንያቱን ከዚያ እነግርሻለሁ። ትምህርትሽን ጨርሺ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ሥሪ፣ ቀጥሎ የምትማሪውን ያኔ ምረጪ። መምህርሽ ለአንቺ አስበው እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ «ቁልፍ መጫን» ባሉት ላይ ግን አልስማማም። አማካሪ ከመሆኔ በፊት እኔም ማሽኑ ዘንድ ለዓመታት ሠርቻለሁ።

የወንድምሽን ራጅ ያነበበው ሰው ተሳስቶ ላይሆን ይችላል። ራጅ የሚያሳየው ብግነቱ አጥንቱን ከቦረቦረው ወይም መገጣጠሚያውን ካጣበቀው በኋላ ነው፤ እስከዚያ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የኒውዮርክ የበሽታው መለያ መስፈርት በራጅ ላይ የቆመ ስለነበር፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ሕመሙ ሌሊት የሚቀሰቅሰውና ጠዋት ወገቡ ተገትሮ የሚነሳ ወጣት በሽታው ስም ሳይወጣለት ብዙ ይንከራተት ነበር። ዓለም አቀፉ የስፖንዲሎአርትራይተስ (የአከርካሪ አንጓ ብግነት) ማኅበር፣ አሳስ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መስፈርት ኤምአርአይን ያስገባው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አሁን ወደ «ቁልፉ» እንምጣ። የአጥንት መቅኔ ብዙ ስብ አለበት፤ ስቡ በምስሉ ላይ ስለሚያበራ ብግነቱ ያመጣውን ውሃ ይሸፍነዋል። ስተር የሚባለው ሲኩዌንስ፣ ማለትም ማሽኑ ምስል የሚያነሳበት የምቶች ቅደም ተከተል፣ ይህን ይፈታል። መጀመሪያ ሲግናሉን የሚገለብጥ ምት ይሰጣል፤ ከዚያ የስቡ ሲግናል ዜሮ እስኪደርስ ይጠበቃል፤ በ1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን 150 እስከ 170 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ በ3 ቴስላ ይረዝማል። በዚያች ቅጽበት ሲወሰድ ስቡ ይጠቁራል፣ ውሃው ነጭ ሆኖ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ጋዶሊኒየም የሚባለውን ምስል ማጉያ መድኃኒት በደም ሥር መስጠት እንኳ አያስፈልግም። መጠበቂያውን ያበላሸ ሰው ግን ብግነቱን ራሱ ደብቆ ይልከዋል።

ከዚህም የሚብሰው የአቅጣጫ ነገር ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የአከርካሪው ታችኛ ክፍል ከዳሌ አጥንት ጋር በሚገናኝበት፣ ሳክሮኢሊያክ በሚባለው መገጣጠሚያ ነው። ያ የአከርካሪው ታችኛ አጥንት ዘንበል ያለ ስለሆነ ስላይሱም (አንዱ የምስል ቁራጭ) የእሱን ርዝመት ተከትሎ ማዘንበል አለበት። የተለመደው የወገብ ኤምአርአይ ዲስክና ነርቭ ለማየት የተዘጋጀ ነው፤ ይህን መገጣጠሚያ በአግባቡ አይሸፍንም። ወደ ላይ ስንወጣም የጎንዮሽ ስላይሶቹ የጎድን አጥንት ከአከርካሪው እስከሚገናኝበት መድረስ አለባቸው። ቴክኖሎጂስቱ ከሕብለ ሰረሰሩ ትንሽ አለፍ ብሎ ካቆመ፣ ሕመሙ ከምስሉ ውጭ ይቀራል። ያልተነሳውን ምስል የትኛውም ራዲዮሎጂስት ሊያነበው አይችልም፤ «ቁልፍ መጫን» የተባለው ይህ ነው እንግዲህ!

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። በወንድምሽ ምክንያት ወደዚህ ሥራ የገባሽ ሰው እንደመሆንሽ፣ ነጭ ነገር ባየሽ ቁጥር በሽታውን ያገኘሽ ይመስልሻል። ሯጮች፣ በቅርቡ የወለዱ እናቶች፣ ከባድ ሥልጠና ላይ ያሉ ወታደሮች፣ ጤነኛ ሆነው ሳለ በዚሁ መገጣጠሚያ አካባቢ ተመሳሳይ ነጭ ምልክት ሊታይባቸው ይችላል። የደም ሥርም፣ ለኮይሉ (ሲግናል ለሚቀበለው የማሽኑ አካል) የቀረበ ቦታም ያሳስታል። አሳስ ምልክቱ ከመገጣጠሚያው ሥር፣ መቅኔው ውስጥ እንዲሆን፣ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በሁለት ተከታታይ ስላይሶች ላይ እንዲታይ የጠየቀው በከንቱ አይደለም። ስተሩን ስብ ነጭ ሆኖ ከሚታይበት ከቲ1 ምስል ጋር ጎን ለጎን አድርጎ መቦርቦሩንና የስብ ለውጡን መፈለግ ልመጂ። የመጨረሻው ፍርድ የራዲዮሎጂስቱና የሩማቶሎጂስቱ (የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሙ) ነው፤ ለታካሚው ውጤት እንዳትነግሪ።

ቀጣዩን መንገድ በተመለከተ፣ ሕክምና ረጅም ነው፤ ምስል አንብቦ መወሰንን ከሁሉ በላይ ከወደድሽ ብቻ ግቢበት። ሒሳብ ካልከበደሽ ፊዚክሱ ሰፊ ሜዳ አለው፦ ስብንና ውሃን የሚለየው ዲክሰን፣ የውሃ እንቅስቃሴን የሚለካው ዲፊውዥን፣ መላ ሰውነትን በአንድ ጊዜ ማንሳት። ሦስተኛውን በር ግን ጥቂት ተማሪዎች ናቸው የሚያውቁት፤ እሱም የምርምር ቴክኖሎጂስትነት ነው። አዲስ መድኃኒት ሲሞከር ታካሚው ከሕክምናው በፊትና በኋላ ይነሳል፣ ብግነቱም በነጥብ ይለካል። ስፓርክ የሚባለው የካናዳውያን መለኪያ ለሳክሮኢሊያክ ስድስት ስላይሶችን ወስዶ እስከ 72 ነጥብ ይሰጣል። ሁለተኛው ምስል በሌላ ማዕዘን ከተነሳ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ እጁ የማይዛባ ሰው ይፈለጋል። ነጥቡን ኮምፒውተር እንዲሰጥ ለማስተማር የሚጥሩ ቡድኖችም ጥሩ ምስል ከመጥፎው የሚለይላቸው ሰው ይሻሉ። ለአንቺ የሚስማማሽ ይህኛው ይመስለኛል።

አብዛኛው ቀንሽ ግን በጭንቅላት፣ በጉልበትና በዲስክ ምስል እንደሚያልፍ አስቀድመሽ እወቂ። ያንን ካልወደድሽው ሥራው ይሰለችሻል።

በዚህ ዓመት፣ ምስል የሚያነብ ራዲዮሎጂስት አጠገብ በሳምንት አንድ ሰዓት እንድትቀመጪ አስፈቅጂ። የታካሚ ስም ሳትጽፊ ያየሽውን በማስታወሻ ያዢ። ታካሚውንም አትርሺው፤ ይህ ሕመም ሲያርፉ የሚብስ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚቀል ነው፣ አንቺ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳትነቃነቅ ተኛ ትይዋለሽ። ከጉልበቱ ሥር ድጋፍ አድርጊለት፣ በየሲኩዌንሱ መሐል ስንት ደቂቃ እንደቀረው ንገሪው፤ ከተነቃነቀ ምስሉ ይበላሻል።

ሥራ ስትጀምሪ ደግሞ «የወገብ ኤምአርአይ» የሚል ማዘዣ ይዞ የመጣ፣ ሕመሙ ሌሊት የሚያነቃው ወጣት ሲገጥምሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ከማስተኛትሽ በፊት ላዘዘው ሐኪም ወይም ለራዲዮሎጂስቱ ደውለሽ ሳክሮኢሊያኩም ይነሳ እንደሆነ ጠይቂ።