ያ የድሮ ጎልድስታር የት ገባ?

ባለፈው ስለ ፍሪጅ በር ጎማ ስጽፍ ጎልድስታር የሚል ስም ጣል አድርጌ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ጎማው ሳይሆን ስለ ስሙ ሆነ። እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካቻቢቴ ይዤ የሰው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ስፈታ የኖርኩ ነኝ። ግን የምፈታውን ዕቃ ማን እንደሠራው ማወቅ ደስ ይለኛል። ከመጡት ውስጥ አራቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? እናታችን ቤት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጎልድስታር ቴሌቪዥን አለ። አሁን አይሠራም፤ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል። ወንድሜ "ጎልድስታር እኮ የዛሬው ኤልጂ ነው" ይለኛል። እኔ ደግሞ የጃፓን ድርጅት ነበር፣ ከስሮ ተዘጋ ብዬ ድርቅ አልኩ። በዶሮ ተወራርደናል። ማን ይግዛ? (ሐ.፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዶሮዋን የምትገዢው አንቺ ነሽ። ጎልድስታር የደቡብ ኮሪያ ነው። አልከሰረም፤ ስሙን ነው የቀየረው። በ1995 ኤልጂ ተባለ።

ኤልጂ የሁለት ስም ምህጻር ነው። "ኤል" ከላኪ፣ "ጂ" ከጎልድስታር። ላኪ ስል ዕቃ የሚልከው ላኪ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ዕድለኛ ማለት ነው። ላኪ ኬሚካልና ፕላስቲክ ይሠራል፣ ጎልድስታር የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራል። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ስማቸውን አንድ ላይ አሳጠሩት።

ኮሪያውያን ጎልድስታርን በራሳቸው ቋንቋ "ገምሶንግ" ይሉት ነበር። ቃል በቃል የወርቅ ኮከብ ነው። ግን ያው ቃል ቬነስ የምትባለዋ ፕላኔት መጠሪያ ነው። እኛ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ማለት ነው። እንግዲህ እናትሽ ሳሎን ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው አጥቢያ ኮከብ መሆኑ ነው።

ጃፓን ማለትሽም ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን ቴሌቪዥናቸውን የሠሩት ከጃፓኑ ሂታቺ ቴክኖሎጂ ወስደው ነው። ስለዚህ የዶሮዋን ግማሽ ዋጋ ወንድምሽ ቢችል ደስ ይለኛል።

ስሙ ለምን ተቀየረ ለምትሉ፦ ውጭ አገር ጎልድስታር ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ርካሽ ዕቃ ነበር። ውድ ዕቃ ሊሸጡ ሲያስቡ ስሙ ከበዳቸው። እኛ ጋ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስሙ ከተቀየረ በኋላ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ቴሌቪዥን ግዛልኝ ብለው ብር ሰጡኝ። ኤልጂ ይዤላቸው ብሄድ "ይሄን የማላውቀውን ምን አመጣህብኝ፣ ጎልድስታር አይደል ያልኩህ?" ብለው በር ላይ አቆሙኝ። አንድ ነው ብዬ ብምል ብገዘት አላመኑኝም። በመጨረሻ የኋላ ክዳኑን ከፍቼ ወረቀቱን ሳሳያቸው ነው ያስገቡኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ኮሪያ የሚል ብቻ ነበር። እሱም በቃቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። አለቃዬ "ኤልጂ ድሮ የፊት ክሬም ነበር የሚሠራው" አለኝ። እየቀለደብኝ ነው ወይስ እውነት ነው? ክሬም ሠሪ እንዴት ፍሪጅ ሠሪ ይሆናል? (ተ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለቃህ አልቀለደብህም። ነገሩ የጀመረው በአንዲት ክዳን ነው።

ኩ ኢን ህዌ የሚባል ሰው ነበር። ሥራውን የጀመረው በ1931 ጂንጁ በምትባል ከተማ ጨርቅ በመነገድ ነው። በ1947 ወደብ ከተማው ቡሳን ላይ ላክ ሂ (ከላይ ላኪ ያልኩት) የሚባል የኬሚካል ድርጅት አቋቋመ። ኬሚካል ሲባል ትልቅ ይመስላል እንጂ ሥራው የፊት ክሬም ነበር። ክሬሙ ላኪ ይባላል። ሴቶቹ ወደዱት። ክዳኑ ግን አስቸገረ። ቶሎ ይሰበራል፤ ክዳኑ የተሰበረ ክሬም ደግሞ ማን ይገዛል? ዕቃው ተመልሶ ይመጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን ክዳን አቅራቢውን ተሳድቦ ሌላ ይፈልግ ነበር። እሱ የማይሰበር ክዳን ራሴ እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። አገሩ ጦርነት ላይ ነው እንግዲህ። ያገኘውን ትርፍ ፕላስቲክ ላይ አፈሰሰው። በ1952 ፕላስቲክ ማምረት ጀመሩ። ያ ማሽን አንዴ ከገባ ደግሞ ክዳን ብቻ ሲሠራ አይውልም። ማበጠሪያ ወጣ፣ የሳሙና ማስቀመጫ ወጣ፣ የጥርስ ብሩሽ ወጣ። ብሩሽ ካለ የጥርስ ሳሙና ይፈለጋል፤ እሱንም ሠሩ።

በጥቅምት 1958 ጎልድስታር ተቋቋመ። ሬዲዮ ሊሠራ። ሬዲዮ ምንድን ነው? ግማሹ ፕላስቲክ ነው፤ ሣጥኑ፣ ማዞሪያው። እሱን ያውቁበታል። የቀረውን ተማሩት።

የሬዲዮውን ሆድ የነደፈው ሰው ኪም ሄ ሱ ይባላል። ይሄን ሰውዬ በጣም እወደዋለሁ። ለምን ብትል፣ ከዚያ በፊት የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ነበረው። የኔ ሙያ ሰው ነው! የተበላሸ ሲፈታ የኖረ ሰው፣ የሚሠራውን ሠራ። ሬዲዮዋ ኤ-501 ተባለች፤ በኅዳር 1959 ወጣች። "ኤ" በመብራት የምትሠራ ለማለት ነው፣ 5 አምስት አምፖል የመሰለ ቱቦ አላት ለማለት፣ 01 የመጀመሪያዋ ናት ለማለት። ቱቦውንና ድምፅ ማጉያውን ከውጭ አስመጡ። ከግማሽ በላይ የሆነውን ክፍል ግን እዚያው ሠሩት። ዋጋዋ በያኔው ገንዘባቸው 20,000 ህዋን ነበር።

አልተሸጠችም። ከአሜሪካ ጦር ሰፈር ሾልኮ የሚወጣና በኮንትሮባንድ የሚገባ ሬዲዮ ገበያውን ሞልቶታል። ሰው ደግሞ የአገር ውስጥ ዕቃ ሲያይ አፍንጫውን ይነፋል። ይሄን እኛም እናውቀዋለን። ፋብሪካው ሊዘጋ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ በ1961 ፓርክ ቹንግ ሂ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ወታደሮቹ ኮንትሮባንዱን ዘጉ፤ ለገጠር ሬዲዮ የማዳረስ ዘመቻም አወጁ። የጎልድስታር ነፍስ የተረፈችው ያኔ ነው። ሻጭ ስለሆንክ ነው የምነግርህ፤ ይሄን ሳልጠቅስ ባልፍ ታሪኩን አሳምሬ መሸጥ ይሆንብኛል። ጎበዞች ነበሩ፣ የመንግሥት እጅም ነበረበት።

በ1962 ሬዲዮ ወደ ውጭ መላክ ጀመሩ። በ1965 የመጀመሪያው የኮሪያ ፍሪጅ ወጣ፤ ጂአር-120። ቁጥሩ ሊትሩ ነው። 120 ሊትር ማለት ዛሬ አንተ ሱቅ ላጤ የሚገዛት አጭሯ ፍሪጅ ናት። ዋጋዋ 80,600 ዎን (ህዋንን የተካው ገንዘባቸው) ነበር። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ጀማሪ ሠራተኛ ምንም ሳይበላ የሰባት ወር ደሞዙን ቢያጠራቅም ነው የሚገዛት። በ1966 ቴሌቪዥኑ ተከተለ፤ ጥቁርና ነጭ፣ 19 ኢንች፣ አራት እግር ያለው። 68,000 ዎን እያወጣ እንኳ ፈላጊው ስለበዛ በዕጣ ነበር የሚሸጠው። እኛ ለኮንዶሚኒየም እንደምንጠብቀው እነሱ ለቴሌቪዥን ጠበቁ።

በ1968 ኤር ኮንዲሽነር፣ በ1969 የልብስ ማጠቢያ ማሽን። የማጠቢያው ነገር ያስቃል። በአንዴ የሚያጥበው 1.8 ኪሎ ልብስ ነው። ሁለት ጂንስ ብትከት ሞላ በለው። ሰው እጁ እያለለት ለዚያ ብር አያወጣም፤ ገበያው ፊት ነሳው። ኮሪያ ግን በ2013 ሬዲዮዋን፣ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና ያቺን ያልተሸጠች ማጠቢያ ጭምር በቅርስነት መዘገበቻቸው።

የቀረውን ቶሎ ልጨርሰው። መሥራቹ በ1969 መጨረሻ ሞተ፤ ልጁ ተረከበ። በ1982 አሜሪካ አላባማ ውስጥ ሀንትስቪል ላይ የቴሌቪዥን ፋብሪካ ከፈቱ። ስማቸውን በቀየሩበት በ1995 ዜኒት የተባለውን አንጋፋ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅት አብላጫ ድርሻ ገዙ። ሁሉም ግን አልቀናቸውም። ሞባይሉ ስድስት ዓመት ገደማ አከሰራቸው፤ ኪሳራው ወደ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ሲደርስ በ2021 እርግፍ አድርገው ተዉት። ስለዚህ ሱቅህ መጥቶ አዲስ የኤልጂ ስልክ የሚጠይቅህ ካለ፣ የለም በለው።

ጥያቄ፦ አባቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ፑሳን ወደብ ሲወርዱ ያዩትን ረሃብና ስደተኛ ሲያወሩ ዕንባ ይቀድማቸው ነበር። ያ አገር ያኔ ፋብሪካ የሚባል ነገር ነበረው እንዴ? (አቶ መ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አቶ መ.፣ እንደምን አሉ? አባትዎ ፑሳን ያሏት ዛሬ ቡሳን ተብላ የምትጻፈው ናት። ከላይ ለሐዋሳው ልጅ የነገርኩት የክሬም ፋብሪካ ያለባት ከተማ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ እዚያ የወረደው በግንቦት 1951 ነው። ያኔ ላኪ ክሬም እየተሠራ ነበር። ክዳኑም እየተሰበረ ነበር ማለት ነው፤ ፕላስቲኩ የመጣው በማግሥቱ ዓመት ነውና። ቡሳን በጦርነቱ ጊዜ በጠላት እጅ አልወደቀችም። ስደተኛው ሁሉ የጎረፈው፣ ፋብሪካውም ሥራውን የቀጠለው ለዚህ ነው።

አባትዎ በበሩ አልፈው ይሆን? እንጃ። እኔ ግን ሁለቱን ሳስባቸው ይገርመኛል። ወታደሮቻችን ጠመንጃ ይዘው ከመርከብ ሲወርዱ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ሰዎች ብልቃጥ ውስጥ ክሬም ይሞላሉ።

ነገሩን ኤልጂም አልረሳውም። በ2014 ከኮሪያ መንግሥት የልማት ድርጅት ከኮይካ ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ የሙያ ትምህርት ቤት ከፍቷል። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ያስተምራል፤ ለዘማች ቤተሰቦችም ቦታ ሰጥቷል። የልጅ ልጅ ካለዎት ይጠይቁለት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማጥብበት ማሽን ላይ "ዳይሬክት ድራይቭ" ይላል። ድምፅ የለውም። ለእናቴ እንዲህ ያለ ልልክላት ነው። ቃሉ ምን ማለት ነው? እኛ ቤትስ ይሠራል? (ዘ.፣ ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። የድሮው ማሽን ሞተሩ ታች ነው ያለው፤ ልብስ የሚገባበትን ድራም የሚያዞረው በቺንጋ ነው። ቺንጋው ይላላል፣ ይበጠሳል፣ ይጮኻል። ዳይሬክት ድራይቭ የሚባለው ሞተሩ ራሱ ድራሙ ጀርባ ላይ ተለጥፎ በቀጥታ ያዞረዋል። ቺንጋ የለውም። ኤልጂ ይሄን በ1998 አወጣ። የመጀመሪያው ግን እሱ አይደለም፤ የኒው ዚላንዱ ፊሸር ኤንድ ፔይክል በ1991 ቀድሞታል።

ኤልጂ ጋ ይሄን ሥራ የመራው ቾ ሶንግ ጂን ነው። የተማረው የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ1976 ጎልድስታር ሲቀጠር ጓደኞቹ ያኔ ወደሚሸጠው ወደ ቬንትሌተር ክፍል ሄዱ። እሱ ከመቶ ቤት አንዱ እንኳ ያልነበረውን የልብስ ማጠቢያ መረጠ። ከዚያ ሠላሳ ስድስት ዓመት ማጠቢያ ላይ ተተከለ። ፋብሪካው ውስጥ አልጋ አስገብቶ ያድር ነበር። በ2016 መጨረሻ የኤልጂ ኤሌክትሮኒክስ ዋና ኃላፊ ሆነ።

ወደ እናትሽ ቤት ልመለስ። የዱባይ መብራትና የእኛ ይስማማል፤ የሚለየው ስፒናው ነው። ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን አስቀይሪው፤ በዲቫይደር እንዳይሰኩት። ውኃ ከሮቶ ከሆነ ሮቶው ከማሽኑ ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ ውኃ አልገባም እያለ ይቆማል። የደጁን በር ስፋት አስለኪ።

ከሁሉም በላይ ግን ጀርባው ላይ ያሉትን ብሎኖች ንገሪያቸው። ከፊት የሚከፈት ማሽን ሲጓጓዝ ድራሙ እንዳይንገጫገጭ በረጃጅም ብሎን ይታሰራል፤ ብዙ ጊዜ አራት ናቸው። ሳይፈቱ ማስነሳት አይቻልም። አንዴ ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸው እናት ቤት በጥድፊያ ተጠራሁ። ማሽኑ ከነብሎኑ ተነስቶ፣ መጭመቅ ሲጀምር እስክስታ እየወረደ ከሻወር ቤት ወጥቶ ኮሪደሩ መሃል ቆሟል። እናትየዋ ጠበል ረጭተውታል። ብሎኖቹን ፈትቼ እጃቸው ላይ ሰጠኋቸው፤ በመሐረብ ቋጥረው አስቀመጧቸው።