የኦዲሴዎስ ሞግዚት «ነርስ» አይደለችም

አንድ አንባቢ የግሪክ ተረቶችን ለልጆች በአማርኛ እየጻፉ ነው። እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «ኦዲሴዎስን ያሳደገችውን ኤውሪክልያን ‹ነርስ› ልበላት ወይስ ‹ሞግዚት›? ‹የጡት እናት› በላት ያለኝም ሰው አለ።»

ሞግዚት ይበሏት። «ነርስ» የመጣው ከእንግሊዝኛው ገልባጮች ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን፣ ማጥባትና መመገብ ከሚል ግስ ወጥቷል። ድሮ የሚጠራው ልጅ የምታጠባዋን ሴት ነበር፤ ወደ በሽተኛ አልጋ የሄደው ኋላ ነው። እኛ የተዋስነው ይህን የኋላውን ብቻ ነው። ስለዚህ «ነርስ» ካሉ፣ ልጆቹ ነጭ ጋወን ለብሳ መርፌ የያዘች ሴት ነው የሚታያቸው።

የኦዲሴዎስን ታሪክ በ«ኦዲሴይ» የተረከው የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር የሚጠራት «ትሮፎስ» ብሎ ነው። ቃሉ «ትሬፎ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ መገበ፣ አሳደገ ማለት ነው። ሆሜር ወተት ስለማርጋት ሲናገርም ይህንኑ ግስ ይጠቀማል። አንድ ዓይናው ፖሊፌሞስ በዋሻው ወተት የሚያረጋው በዚሁ ግስ ነው። ይህ ለጥያቄዎ ብዙም አይጠቅምም፤ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። በዘፍጥረት 35፥8 የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ ትሞታለች። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት «ትሮፎስ» ያሏትን ሴት የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሞግዚት» ይላታል። በ1ኛ ተሰሎንቄ 2፥7ም እንዲሁ ነው፦ ጳውሎስ ትሮፎስ ሲል የእኛው ሞግዚት ይላል። ርብቃ በዚያ ጊዜ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች ሴት ነበረች። ዲቦራ ግን አሁንም ሞግዚቷ ናት። በግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት በኤውሪፒደስ ድራማ የፌድራን የፍቅር ምሥጢር ለእንጀራ ልጇ ለሂፖሊቶስ የምታወጣውም ሴት እንደዚያው ናት። ፌድራ ባለ ትዳር ሆናም ሞግዚቷ አልተለየቻትም። ደራሲው ግን ለዚህች ሴት ስም እንኳ አልሰጣትም።

«የጡት እናት» የሚሉት ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በኦዲሴይ 19ኛ ክፍል ኦዲሴዎስ ማንነቱን ደብቆ በእንግድነት ቤቱ ይገባል፤ ኤውሪክልያ የእንግዳውን እግር ስታጥብ፣ ከጉልበቱ በላይ ያለውን የከርከሮ ጠባሳ ዳስሳ ታውቀዋለች። ኦዲሴዎስም ጉሮሮዋን አንቆ፣ በገዛ ጡትሽ ያሳደግሽኝ አንቺው ሆነሽ ልታጠፊኝ ነው ወይ ይላታል። መቼም ጡቱ አለ። ነገር ግን የኦዲሴዎስን ልጅ ቴሌማኮስንም ያሳደገችው እሷው ናት፤ በእሱ ጊዜ ደግሞ የማጥባት ዕድሜዋ አልፏል። «ሞግዚት» አባትንም ልጅንም ይችላል። ደግሞም በእኛ አገር የጡት ልጅነት የዝምድና ውል ነው፤ ክብር ያለው፣ አዋቂም ሊገባበት የሚችል። ኤውሪክልያን ግን የኦዲሴዎስ አባት ላኤርቴስ በ20 በሬ ዋጋ ነው የገዛት። እንደ ሚስቱ ቢያከብራትም የሚስቱን ቁጣ ፈርቶ አልጋዋን አልነካም ይላል ሆሜር። ባሪያ ነበረች። «የጡት እናት» ይህን ሁሉ አለባብሶ ያልፋል።

ለእኔ ቢተው «ሐፃኒት» እላት ነበር። ግእዙ ሐፀነ አሳደገ ነው፤ ሕፃን ከዚያው ወጣ፤ ሕፅን ደግሞ እቅፍ ነው። ሕፃኑም፣ እቅፉም፣ አሳዳጊዋም ከአንድ ሥር! ግን የሚያውቀው የለም፤ ልጆቹ በግርጌ ማስታወሻ ይሰለቻሉ። እሺ፣ ይቅር።

«ሞግዚት»ም ቢሆን የድሮው አይደለም። ሕጉ ወስዶ የንብረት ጠባቂ አድርጎታል፤ ከተማው ደግሞ ደመወዝተኛ። አሁንማ «ናኒ» የሚሉም በዝተዋል፤ ጆሮዬ አልለመደውም፣ ግን ማን ይሰማኛል። ስለዚህ ኤውሪክልያ መጀመሪያ ስትገባ በ20 በሬ መገዛቷን አብረው ይናገሩ፤ ያኔ ማንም የወር ደመወዝ አይጠብቅላትም።

አንድ ያልጠየቁኝ ልጨምር። ኦዲሴዎስ፣ ሚስቱ ፔኔሎፔና ቴሌማኮስ ኤውሪክልያን ሲያናግሯት «ማያ» ይሏታል። «እማማ» ብለው ይመልሱት፤ «እርስዎ» ግን አያስገቡ። ያሳደገችው ልጅ «አንቺ» ነው የሚላት፣ ጉሮሮዋን ሲያንቃትም ጭምር።