የትርፍ ድርሻው መቶኛ በየትኛው ዋጋ ላይ ተሰላ?

ጥያቄ፦ ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የምሠራ ሴት ስሆን፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት ቀርተውኛል። ከደመወዜና ከዕቁብ ያጠራቀምሁት 320,000 ብር አለኝ። የባልደረባዬ ወንድም የአንድ የግል ባንክ አክሲዮኑን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል፤ ስመ ዋጋው (በአክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ) 1,000 ብር የሆነውን አንዱን አክሲዮን በ1,600 ብር ነው የሚለው። ባንኩ ባለፈው ዓመት 32 በመቶ የትርፍ ድርሻ ስለከፈለ በሦስት ዓመት ዋናው ገንዘብሽ ይመለሳል ብሎኛል። ልግዛ?
ወ. ት.፣ ከለገሃር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሻጩ የነገረዎት 32 በመቶ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተሰላው በስመ ዋጋው በ1,000 ብር ላይ እንጂ እርስዎ በሚከፍሉት በ1,600 ብር ላይ አይደለም። በገንዘብዎ 200 አክሲዮን ይገዛሉ፤ እያንዳንዱ 320 ብር ቢያስገኝ በዓመት 64,000 ብር ይሆናል። ይህም ካወጡት ገንዘብ 20 በመቶ ስለሆነ፣ የትርፍ ድርሻ ግብሩ ከምንጩ ከመቀነሱ በፊት እንኳ ዋናው የሚመለሰው በአምስት ዓመት ነው። ባንኩ በሚቀጥለው ዓመት 18 በመቶ ብቻ ቢከፍል ደግሞ የሚደርስዎት 36,000 ብር፣ ማለትም ከ11 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ይህን ቁጥር በጊዜ ገደብ ተቀማጭና መንግሥት ለአጭር ጊዜ በሚበደርበት በግምጃ ቤት ሰነድ ከሚያገኙት ወለድ ጋር ያነጻጽሩት፤ ልዩነቱ ለሚሸከሙት ሥጋት የሚበቃ ካልሆነ መግዛቱን አልመክርዎትም።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ 32 በመቶው በየዓመቱ የሚደገም ነው ወይ የሚለው ሲሆን፣ መልሱ ያለው በባንኩ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ነው። የባንኮች የበጀት ዓመት በሰኔ መጨረሻ ሳምንታት ስለሚዘጋና ጠቅላላ ጉባኤዎች በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ስለሚካሄዱ፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመረው ሪፖርት ታትሞ የሚገኘው በዚያው ሰሞን ነው። ሻጩ ባለአክሲዮን ስለሆነ ያለፉትን ቢያንስ አራት ዓመታት ሪፖርቶች እንዲያመጣልዎ ይጠይቁት፤ ለመስጠት የሚያቅማማ ከሆነም ይህን ልብ ይበሉ።

ሪፖርቱን ሲይዙ በፎቶግራፍና በሊቀ መንበሩ መልእክት ላይ አይቆዩ፤ በቀጥታ ወደ ትርፍና ኪሳራ መግለጫው ይሂዱ። ትርፉ ከብድር ወለድና ከዘወትር አገልግሎት የመጣ ነው ወይስ አንድ ጊዜ ከሆነ ነገር? የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዕዳቸው የበለጠ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የነበራቸው ባንኮች ከዋጋው ለውጥ ብቻ ትርፍ አስመዝግበዋል። እንዲህ ያለው ትርፍ ያለባቸውን ዓመታት ለብቻ ለይተው ካላዩ የባንኩን መደበኛ አቅም አያውቁትም። ከዚያ ለብድር ኪሳራ የተያዘውን መጠባበቂያ ከዓመት ዓመት ያስተያዩት፤ ብድሩ በፍጥነት እያደገ መጠባበቂያው ባለበት ከቆመ፣ ዛሬ እንደ ትርፍ የተከፋፈለው ነገ ኪሳራ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ይህን መስመር ነው።

የተጣራ ትርፍ ሁሉ ለባለአክሲዮን እንደማይደርስም ይወቁ። ባንክ ሕጋዊ መጠባበቂያው (በሕግ ግዴታ ከትርፉ የሚያስቀምጠው ገንዘብ) ከተከፈለ ካፒታሉ (ባለአክሲዮኖች ለአክሲዮን ከከፈሉት ገንዘብ) ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ከየዓመቱ የተጣራ ትርፍ 25 በመቶውን ወደ መጠባበቂያው ያዞራል፤ ስለዚህ ከ100 ብር ትርፍ ለክፍፍል ሊቀርብ የሚችለው ቢበዛ 75 ብር ነው። በዚህም ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ ወዲህ፣ በርካታ ጉባኤዎች የትርፍ ድርሻው በጥሬ ገንዘብ ከመከፈል ይልቅ አዲስ አክሲዮን እንዲገዛበት ወስነዋል። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ለጡረታ ወጪ ጥሬ ገንዘብ ለምትፈልግ ሴት ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ካፒታሉ ከትርፉ በላይ ሲያድግ ደግሞ የአንድ አክሲዮን ድርሻ እያነሰ ይሄዳል።

ቢቸግርዎ መልሰው መሸጥ ይችላሉን? አክሲዮን በይፋ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ቢሆንም፣ ሊገዙት ያሰቡት ባንክ በገበያው ካልተመዘገበ ገዥ የሚፈልጉት እንደ ሻጩ ሁሉ በሰው በሰው ነው። ስለዚህም ገንዘብዎን በሙሉ በአንድ ባንክ ላይ እንዳያውሉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የአንድ ዓመት ወጪዎን በቁጠባ አስቀርተው፣ የቀረውን ከባንክ ውጭ ላሉ ኩባንያዎችም ቢያካፍሉት ይሻላል።

ሪፖርቱን አይተው ከወደዱት በ1,600 ብር አይስማሙ፤ በመደበኛ ዓመት ይከፈላል ብለው ከሚገምቱት ድርሻ ተነሥተው ዋጋውን ይከራከሩ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊትም ከሻጩ ጋር ወደ ባንኩ የአክሲዮን ክፍል ሄደው አክሲዮኑ በዋስትና አለመያዙን፣ ዋጋው ሙሉ በሙሉ የተከፈለ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የዘንድሮው የትርፍ ድርሻ ለማን እንደሚሆንም በውሉ ላይ በግልጽ ያስጽፉ። ክፍያውን ስምዎ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ከመስፈሩ ጋር አያይዘው ይፈጽሙ።