ማኅበራዊ ሰው ማለት ማን ነው? ጠይቁኝ

ፒያሳ አካባቢ የእድር ጸሐፊ ነኝ። ሶሲዮሎጂም ተምሬያለሁ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወሬ አላበዛም። ቤተሰቦቼ «ማኅበራዊ አይደለህም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው?

መልስ፦ ለቅሶ ትደርሳለህ? የታመመ ትጠይቃለህ? እንግዲያው ነህ። እኛ እድር ውስጥ ሁለት ቃል የማይወጣው ሰውዬ አለ። ድንኳን ሲተከል ግን ካስማ የሚመታው፣ አግዳሚ የሚያወርደው እሱ ነው። ወሬኛው ንፍሮ ሲቀርብ ነው ከች የሚለው። (ራሳችሁን ታውቃላችሁ።)

ጥያቄ፦ ሰው ማኅበራዊ ነው የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው?

መልስ፦ ባለቤት የለውም። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ሰው በተፈጥሮው አብሮ ነዋሪ ነው ብሏል። እኔን የሚመቸኝ ግን የቱኒሱ ተወላጅ፣ የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ኻልዱን ነው። በ1377 እ.ኤ.አ. በጻፈው «ሙቀዲማ» ላይ መንግሥት የሚቆመው በሰዎች መተሳሰር ነው ይላል። ከተማ ገብተው ሲመቻቸው ግን ትስስሩ ይላላል ባይ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እድርን ከገጠር ነው ያመጣነው?

መልስ፦ መረዳዳቱን አዎ፤ ደቦ ነበረን። መዝገብና ወርኃዊ መዋጮ ያለው እድር ግን የከተማ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው ቢሞት ማን ይቅበረው? ዘመዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ተዋጣ። ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ኢብን ኻልዱን ይላላል ያለው እዚህ ጠበቀ። ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ጥያቄ፦ ዕቁብስ?

መልስ፦ እሱ ገንዘብ ነው። መተማመን ይፈልጋል፣ ግን ዕጣህ ከወጣና ክፍያህን ከጨረስክ መለያየት ትችላለህ።

ጥያቄ፦ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ለልማት የተነሣው ሰው እድሩን ምን ያድርግ?

መልስ፦ ይህ ከባድ ነው። ሳንቲሙ ይካፈላል፣ ድስቱም ይካፈላል። ሌሊት በር አንኳኩተህ የምትጠራውን ሰው ግን ማንም አያካፍልህም። የኔ ምክር፦ አዲሱ ሰፈር ወዲያው ተመዝገቡ፣ የድሮውንም አትልቀቁ። ሁለት ታክሲ ይዘው ቀብር የሚመጡ አባላት አሉን።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ጡሩምባ ነፊውን አልተካውም?

መልስ፦ መርዶ ለመንገር ይጠቅማል። «ነፍስ ይማር» ጽፎ የቀረን ግን እኛ ጋ ቀሪ ብለን ነው የምንመዘግበው። ቅጣቱንም ይከፍላል።