እናትን በቤት ማስታመም፦ ወጪውን ማን ይሸፍነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ነው። እናቴ በስትሮክ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ስምንት ወር ሆኗታል። እርሷን ለማስታመም ስል ትንሿን ሱቄን ዘግቻለሁ። የመድኃኒቱ፣ የዳይፐሩና የባጃጁ ወጪ ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ወንድሜ ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲሆንለት ይልካል፤ እኅቴ ደሴ ናት፣ በበዓል ትመጣለች። ዘመዶች የእናቴን መሬት ወለድ አገድ እንድንሰጥ ይመክሩናል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከዘረዘሯቸው ወጪዎች መካከል ትልቁን አልጻፉትም። ሱቁ ክፍት ሳለ በወር ያገኙት የነበረው ትርፍ ዛሬ ለእናትዎ ማስታመሚያ በየወሩ እየተከፈለ ያለ ገንዘብ ነው፤ ከፋይዋም እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ አንድ ደብተር ይክፈቱና የመድኃኒቱን፣ የሳሙናውንና የባጃጁን ወጪ ሲመዘግቡ የቀረብዎትን የሱቅ ገቢም አብረው ያስፍሩ። ወንድምዎ በስልክ፣ እኅትዎ በአካል ባሉበት ይህን ደብተር ያንብቡላቸው። ችግር ላይ የወደቀን ወላጅ መጦር በቤተሰብ ሕጉም ቢሆን የልጆች ሁሉ ግዴታ እንጂ ቤት የቀረችው ልጅ ዕጣ ብቻ አይደለም።

ከወንድምዎ የሚጠየቀው ሲሆንለት የሚልከው ሳይሆን፣ አነስተኛም ቢሆን በየወሩ የማይቋረጥ ገንዘብ ነው። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ወላጅን መቀለብ በልጅ ላይ ግዴታ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ልጅ ለእናቱ የሚሰጠውን ገንዘብ ከዘካ እንዲቆጥር አይፈቅዱለትም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበርና አገልግሎቱ ለአካባቢዎ እንግዳ አይደለም። አባልነቱን በየዓመቱ ያሳድሱ፤ መክፈል የማይችል ቤተሰብ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ ቀበሌውን ይጠይቁ። መድኑ የሚሸፍነው በጤና ተቋም የሚሰጠውን ሕክምና ሲሆን፣ ሆስፒታል ለመሄድ ከጤና ጣቢያ ሪፈር መጻፍ ያስፈልጋል። የረዳት ደመወዝና ዳይፐር ግን አይከፍልም። ዳይፐሩን ለሌሊት ብቻ አድርገው፣ ቀን ቀን ከላስቲክ በላይ የታጠፈ አሮጌ ነጠላ ያንጥፉ፤ ታጥቦም ፀሐይ ላይ ይሰጣ። እናትዎን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ምንም አያስወጣም፤ ቸል ከተባለ ግን በዳሌና በተረከዝ ላይ የሚወጣው ቁስል ለወራት የሚዘልቅ የሕክምና ወጪ ያመጣል።

የመሬቱ ጉዳይ በእጅጉ ያሳስበናል። በወለድ አገድ ገንዘቡን አንድ ጊዜ ይቀበላሉ፤ አበዳሪው ግን ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ በወለዱ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይወስዳል። የብድሩ ገንዘብ ለመድኃኒትና ለቀለብ አልቆ ሳለ ያ ዕዳ በምን ይመለሳል? በእኩል ማሳረስ ወይም ለተወሰነ ዓመት በጽሑፍ ውል ማከራየት ይሻላል። ውሉ እናትዎ ሐሳባቸውን ገልጸው፣ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፤ የይዞታ ደብተሩ ግን ከቤት አይውጣ። እህሉ ለቀለብ፣ ኪራዩም ለመድኃኒት ይሆናል።

ቅሬያችሁ (ዕድራችሁ) በደንቡ ለሐዘን ብቻ የሚከፍል ከሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ሕመምተኛ አባላትም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲረዳ በስብሰባ ላይ ሐሳብ ያቅርቡ። ሌሎች በጠየቁ ጊዜ የሚያሳፍር አልነበረም፤ እርስዎም አይፈሩ።

ስለ አስታማሚ ረዳት፦ ሙሉ ቀን የምትውል ሠራተኛ ከመቅጠር፣ ከጠዋት እስከ ቀትር የምትቆይ አንዲት የሠፈር ሴት ይፈልጉ። ደመወዟን፣ ሰዓቷንና የዕረፍት ቀኗን በሁለት ቅጂ ጽፈው ይፈራረሙ፤ ምክንያቱም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በሰው ቤት የሚሠሩትን አያካትትም። እርሷ እናትዎን በምትጠብቅባቸው ሰዓታት ሱቁ ይከፈት። የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ እኅትዎ ትክፈል፤ የሁለተኛውን ከሱቁ ገቢ ለመሸፈን ይሞክሩ፣ የጎደለውንም ከደብተሩ አሳይተው ከወንድምዎ ይጠይቁ።