ከሐዋሳ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሐዋሳ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው። ስለ ርቀትና ስለ ሰዓት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎርፏል፤ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዋሽንግተን ነች፣ ላያት ልሄድ ነው። ስንት ሰዓት እበራለሁ?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎ እናቴ! እስከ አዲስ አበባ በአየር 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ዋሽንግተን ግን ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሲሄዱ መሀል ላይ ለነዳጅ ስለሚያርፍ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይያዙ። ሲመለሱ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት ያስቆርጡ። የሐዋሳው ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጥዎ ሌላ በረራ የሚፈልግልዎ አየር መንገዱ ነው።

ጥያቄ፦ ትኬቴ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 07:30 ዋሽንግተን ይገባል ይላል። 9 ሰዓት ብቻ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የተጻፈው። ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነች። 9 ላይ 8 ደምሪ፣ 17 ነው። ከመጋቢት ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ይሆናል።

ጥያቄ፦ መመለሻው ለምን አጠረ?

መልስ፦ ከላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ ንፋስ አለ። በሰዓት 900 የሚበረውን አውሮፕላን ንፋሱ በ100 ከኋላ ቢገፋው ፍጥነቱ 1,000 ይሆናል፤ ከፊት ቢመጣበት 800። ሌላው ቦሌ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም አቅማቸው ይቀንሳል። ነዳጅ ጢም አድርጎ፣ ሰውና ጭነት ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ዋሽንግተን ግን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ እንደልቡ ሞልቶ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ጆሀንስበርግስ?

መልስ፦ ከአዲስ አበባ 4,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ። መንገዱ ሰሜን ደቡብ ስለሆነ መሄጃና መመለሻው ብዙም አይለያይም።

ጥያቄ፦ ትኬቴ «ቅዳሜ 00:30» ይላል። መቼ ቦሌ ልገኝ?

መልስ፦ እባካችሁ ይህችን ሁላችሁም አንብቡልኝ። ዓርብ ማታ ነው ወንድሜ! 00:30 በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። እኛ ሌሊቱን የዓርብ ሌሊት እንላለን፤ ትኬቱ ላይ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ቅዳሜ ገብቷል። ስለዚህ ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ቦሌ ሁን። ቅዳሜ ማታ ሻንጣህን ይዘህ ብትመጣ አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን ሆኖታል። የሰው ገንዘብና ተስፋ በዚህ ሲባክን ማየት ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ እስከ አዲስ አበባ በመኪና ብሄድስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን በዚያው ቀን አትምጪ። ዋዜማውን ግቢና እደሪ።