ሻትዳውን ቢመጣ የወታደር ባለቤት ምን ትፈርም፣ ምን አትፈርም?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሳጅን ነው፤ ከሉዊስ ማኮርድ ጦር ሰፈር ለ9 ወር ወደ ደቡብ ኮሪያ ተልኳል። እኔ ሁለት ልጆች ይዤ ሌክውድ፣ ዋሽንግተን ስቴት ተከራይቼ እኖራለሁ። ሻትዳውን፣ ማለትም የመንግሥት መዘጋት፣ ሊመጣ ነው እየተባለ ነው። ደመወዙ ቢቀር አከራያችን ያስወጣናል ወይ? አንድ አበዳሪ ቼክ ከፈረምኩለት 500 ዶላር ወዲያው እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል። እቁብም አለብኝ፤ ዕጣዬ ገና ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ቼክ አይፈርሙ። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ደመወዙ ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይቀርም። ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ቀኑ ካለፈ መንግሥት ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን ያጣል፤ ወታደሩ ግን ሥራውን ማቆም አይችልም። ለሠራበት ጊዜ ደመወዝ ማግኘት በሕግ የተሰጠው መብት ስለሆነ በጀቱ ሲለቀቅ ይከፈለዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥት ለ16 ቀን ሲዘጋ ኮንግረስ ወታደሩ እንዲከፈለው ለብቻው ሕግ አወጣ። በ2025ቱ የ43 ቀን መዘጋት ደግሞ የተከፈለው ከሌላ የመከላከያ በጀት ገንዘብ ተዛውሮ ነው። በ2019 ግን የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች የጃንዋሪ 15 ደመወዝ ሳይገባላቸው ቀረ፤ በጀታቸው ከመከላከያ ሳይሆን ከአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለሚመጣ ነው። እነሱም ኋላ ተከፍሏቸዋል። ስለዚህ የሚዘጋጁት ለጥቂት ሳምንታት መዘግየት ነው። የቤት አበሉም ከደመወዙ ጋር አብሮ እንደሚዘገይ አይርሱ።

በዚያው ዓመት ቢሮዬ የመጣች የአንድ ጠረፍ ጠባቂ ባለቤት እስካሁን ከዓይኔ አትጠፋም። በኢንተርኔት የተበደረችበትን ውል አትማ ይዛ ነበር። «እርስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ በውትድርና ላይ ናችሁ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «አይደለንም» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። «ያለዚያ አይሰጡሽም ስላሉኝ ነው» አለችኝ። የባሏ ደመወዝ በጃንዋሪ መጨረሻ ተስተካከለ፤ የእሷ ዕዳ ግን እስከ ክረምት አልለቀቃትም። በዚያች ትንሽ ምልክት ትልቁን ጋሻዋን ራሷ ሸሽጋው ነበር።

ጋሻው የወታደር ብድር ሕግ የምንለው ነው። በሥራ ላይ ላለ ወታደርም ለትዳር ጓደኛውም የሚሰጥ እንዲህ ያለ ብድር ልዩ ልዩ ክፍያው ሁሉ ተደምሮ በዓመት ከ36 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ ቼክዎን ዋስትና አድርጎ መያዝም ክልክል ነው። ሕጉን የጣሰ ውል ከመጀመሪያው ፈራሽ ነው። በዋሽንግተን ስቴት የተለመደው የፔይዴይ ብድር፣ ማለትም እስከሚቀጥለው ደመወዝ ቀን የሚሰጥ አጭር ብድር፣ ለ500 ዶላር 75 ዶላር ያስከፍላል፤ በሁለት ሳምንት የሚመለስ ከሆነ በዓመት ሲሰላ 390 በመቶ አካባቢ ነው። ለእርስዎ ሊሰጥ የማይገባው ብድር ነው ማለት ነው። ማንም ቢጠይቅዎ የወታደር ባለቤት መሆንዎን አይሸሽጉ።

ወደ ቤት ኪራዩ እንምጣ። አከራዩ ቁልፍ ለውጦ ሊያስወጣችሁ አይችልም። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ መጀመሪያ «ክፈሉ ወይም ልቀቁ» የሚል የ14 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ካልተከፈለው ፍርድ ቤት መሄድ ይኖርበታል። ኪራዩ ከመክፈያው ቀን በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ከተከፈለም የመዘግየት ቅጣት መጠየቅ አይችልም። በዚህ ላይ የወታደሮች የፍትሐ ብሔር ጥበቃ የሚባለው የፌዴራል ሕግ አለ፤ ወታደሩ ቢርቅም ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት ይሸፍናል፤ ዳኛው ጉዳዩን ለ90 ቀን እንዲያቆየው መጠየቅ ይቻላል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ይህ ሕግ የመክፈል አቅም የተነካው «በውትድርናው ምክንያት» እንዲሆን ይፈልጋል፤ የአከራዩ ጠበቃ «ምክንያቱ የበጀት ጉዳይ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ ፍርድ ቤትን የመጨረሻ መጠጊያ ያድርጉትና የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ለአከራዩ ይጻፉ። ረጅም መሆን የለበትም፦ «ባለቤቴ በሥራ ላይ ያለ ወታደር ነው። መንግሥት ከተዘጋ ደመወዙ ሊዘገይ ይችላል። ይህን ያህል በቀኑ እከፍላለሁ፤ ቀሪውን ደመወዙ በገባ በ5 ቀን ውስጥ።» መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ስልክ ላይ «አይዞሽ፣ ችግር የለም» ያለዎት ማኔጀር በሚቀጥለው ወር ሥራ ሊቀይር ይችላል።

ደብዳቤውም መልሱም ለባለቤትዎ ይጠቅማሉ። ክሊራንስ የሚሉት የምስጢር ሥራ ፈቃድ ካለው፣ ያልተከፈለ ዕዳ ጥያቄ ያስነሳበታል። ችግሩ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መምጣቱንና እናንተ በኃላፊነት መያዛችሁን ማሳየት ግን ዋነኛ መከላከያ ነው። ሁሉንም በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ።

እቁቡን በተመለከተ፣ በቃል ቢሆንም ስምምነት ነው፤ በቴሌግራም የተጻጻፋችሁትም ማስረጃ ይሆናል። ዝም ብለው እንዳይቀሩ። የእቁቡን ዳኛ አሁኑኑ ያነጋግሩና ዕጣው እንዲቀድምልዎ ወይም ከሌላ አባል ጋር እንዲለዋወጡ ይጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ እቁብ ግን ለችግር ቀንም የተጠራቀመ ገንዘብ ነው፣ ወለድም የለበትም።

ጥሬ ገንዘብ የግድ ካስፈለገ ደግሞ አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ የተባለው የዕርዳታ ድርጅት ለሠራዊቱ ቤተሰቦች ያለወለድ ያበድራል። እንደ ኔቪ ፌዴራልና ዩኤስኤኤ ያሉ ወታደሮችን የሚያገለግሉ የገንዘብ ተቋማትም ደመወዝ በቀጥታ ለሚገባላቸው አባሎቻቸው ባለፉት መዘጋቶች ያለወለድ አበድረዋል፤ ባንካችሁን አስቀድመው ይጠይቁ።

ባለቤትዎ ሩቅ ስለሆነ ለዚህ ሁሉ ውክልና ያስፈልግዎታል። ጃግ የሚባለው የጦር ሰፈሩ የሕግ ዕርዳታ ቢሮ በነፃ ያዘጋጅለታል፤ ወታደራዊ ውክልናን ደግሞ ሁሉም ስቴቶች እንዲቀበሉ የፌዴራል ሕግ ያዛል። ጠቅላላ ውክልና ከሚሆን ይልቅ ባንኩን፣ የቤት ውሉንና የዕርዳታ ብድሩን በስም የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ይሁን፤ ባንኮች ጠቅላላውን ሲያዩ ያመነታሉ። ሌክውድ አመሻሽ ሲሆን ኮሪያ በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ዛሬ ማታ ሲደውልልዎ ወደ ጃግ ቢሮ እንዲሄድ ይንገሩት።